የስምንት መቶ አንሶላ ጽሞና

«ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ጸሎት ተምረሽ፣ የሁለት ቀን ጸሎት ማዘጋጀት ያቅትሻል?» አለችኝ አክስቴ።

የተማርኩት ስለ ጸሎት ሳይሆን ሰዎች ስለ ጸሎት ስለጻፏቸው መጻሕፍት መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። ሩቅ አገር ሄጄ የየሃይማኖቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን እያስቀመጥኩ ሳነጻጽር ኖሬ፣ ስሄድ ከነበረኝ ያነሰ እምነትና የበለጠ ሻንጣ ይዤ ነው የተመለስኩት። ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሥራ አላገኘሁም። የምተኛው እሷ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አፉን ሞልቶ «አልችልም» አይልም።

አክስቴን እትዬ ነው የምላት፤ የእናቴ ታላቅ ናት። አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ አሁን አለቃ ሆናለች። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ሦስቱ ግዙፍ ማጠቢያዎች፣ ሁለቱ ማድረቂያዎችና የካውያ ማሽኑ አብረው ሲነሱ ወለሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮ ላይ አፍ ገጥመው ካልጮኹ የሚሰማ ነገር የለም። እሷን ጨምሮ ዘጠኝ ሴቶች ይሠራሉ። ዘጠኙም፣ እያንዳንዷ በእምነቷ፣ እየሠሩ ይጸልያሉ። አንሶላ ሲያጥፉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«ሃያ ስድስት ዓመት ጸለይኩ» አለችኝ። «ግን አንድ ቀን እንኳ ጸሎቴን በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም። ቤት ስደርስ እንቅልፍ ይቀድመኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጆሮ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ። አንደኛው ጆሮሽ ሄዷል፣ ሁለተኛው ዓመት ቢቆይልሽ ነው አለኝ።»

«እትዬ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይኸው ነገርኩሽ። ሳይዘጋብኝ፣ ዛፍና ውኃ ያለበት ጸጥ ያለ ቦታ፣ ከእነዚህ ሴቶች ጋር ቁጭ ብዬ ራሴን ልስማ። ዘጠኛችንም ነን ታዲያ። አንዷ ብትቀር አልሄድም። አብረን ነው የደነቆርነው።»

ዘጠኙ በአንድ ቀን ወጥተው አያውቁም፤ ማጠቢያ ክፍሉ ተዘግቶ አያውቅማ። ስለዚህ በማግስቱ የአስተዳደር ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው የክራቫቱን ቋጠሮ በሁለት ጣቱ እየነካካ የሚያወራ ሰው ነው።

«ሆስፒታል ማለት አንሶላ ነው» አለኝ። «ሐኪም ቢያረፍድ በሽተኛው ይጠብቃል። አንሶላ ቢያረፍድ ምን ላይ ይተኛል?»

«ለቅዳሜና እሑድ ስንት ይበቃል?»

ጣሪያውን እያየ አሰበ። «ስምንት መቶ። ሌላው ሌላው መጋዘን አለ።»

«አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ስምንት መቶ ንጹህ አንሶላ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ቢያገኙስ?»

«አንድ ከጎደለ የለም!»

«አንድ ከጎደለ የለም» አልኩት። ደብዳቤ ጻፈልኝና ማኅተም መታበት። አርቡ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ሴቶቹ ነገሩን እንደ ሠርግ ያዙት። በየቀኑ አንድ ሰዓት ቀድመው ይገባሉ። አያገለግሉም ተብለው መጋዘን ውስጥ የተጣሉ የተቀደዱ አንሶላዎች ነበሩ፤ አውጥተው፣ ጠቅመው፣ ቀቅለው አጠቡ። የካውያ ማሽኑ ላይ የምትሠራው ሴት፣ ራሷም በግለቷ የተነሳ «ካውያ» የምትባለው፣ መርፌ በጥርሷ ይዛ ታዝ ነበር። «ሬዲዮ» የሚሏት ደግሞ፣ የማትዘጋ ስለሆነች ነው፣ በየቀኑ የተጠራቀመውን ቁጥር በር ላይ ቆማ ታውጃለች።

እኔ ቦታ ፍለጋ ወጣሁ። ሐይቅ ዳር ጫካ ውስጥ፣ ድሮ ደን ጠባቂዎች ያርፉበት የነበረ ባለ አምስት ክፍል ቤት አገኘሁ። ውኃው ይወርዳል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ስልክ አይሠራም።

«ምን ልታደርጉ ነው?» አለኝ ጠባቂው ቁልፍ እያሳየኝ።

«ሁለት ቀን ዝም ሊሉ ነው።»

«ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ ሴቶች።»

«እንግዲያው ወፎቹን አስጠነቅቃለሁ» አለ።

ያን ምሽት ፕሮግራም ጻፍኩ። በየግማሽ ሰዓቱ የተከፋፈለ ሁለት ገጽ፦ ዝምታ፣ ጸሎት፣ በዝምታ የእግር ጉዞ፣ ማሰላሰል፣ እንደገና ዝምታ። ራሴ የማላምንበትን ነገር እንዲህ አሳምሬ መጻፌ ትንሽ አሳፈረኝ፤ ግን ጻፍኩት። ካውያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ይኼማ ከፈረቃ ይብሳል። ሽንት ቤት የሚኬደው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«እንለማመድበት» አለች እትዬ። «ዝም ማለት ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ይለመዳል።»

በምሳ እረፍት ላይ ጓሮ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ከእንግዲህ አንድም ቃል የለም አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። እውነትም አንድ ቃል አልተሰማም። ሩብ ሰዓት አለፈ። በልቤ ኮራሁ። ከዚያ ከቀኜ የታፈነ ሳቅ ሰማሁና ዓይኔን ገለጥኩ።

ዘጠኙም እያወሩ ነበር። በእጃቸው! ሬዲዮ አንገቷ ሥር በሁለት ጣት ቆንጠጥ ታደርጋለች፤ ኃላፊው መሆኑ ነው። ካውያ መዳፏን ደረቷ ላይ አዙራ መልስ ትሰጣለች። አንዷ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። በዚያ ጩኸት ውስጥ ለዓመታት ሲሠሩ ያወጡት ቋንቋ ነው፤ ሐሜት፣ የልጅ ትምህርት፣ የባል ጠባይ ሁሉ ይነገርበታል። እኔ ዝምታ ያልኩት ለእነሱ የሥራ ቀን ነበር። አፋቸውንማ ሃያ ዓመት ዘግተውት ኖረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት እትዬን። ሬዲዮ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ በአየር ላይ ገጽ ትገልጥ ነበር።

«አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ሳቁ ፈነዳ። ተናድጄ ልነሳ ስል እትዬ ጉልበቴን ያዘችኝ።

«ልጅቷ ልክ ናት። ከወሬ ለማረፍ ከሆነ የምንሄደው እጅም ማረፍ አለበት። በሉ፣ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ።»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ እጄን ምን ላድርገው?» አለች ካውያ። «ባዶ ሆኖ አያውቅም እኮ።»

በመጀመሪያው ቀን ሰባት ደቂቃ ቆዩ። በስምንተኛው ደቂቃ ካውያ የወደቁትን ቅጠሎች ሰብስባ ለሦስት ለሦስት ስታጥፍ ተገኘች። አልተዉትም ግን። በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየወጡ ተቀመጡ። በሁለተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ፣ በሦስተኛው ግማሽ ሰዓት። አንሶላው አራት መቶ፣ ስድስት መቶ፣ ሰባት መቶ ደረሰ። አብሬያቸው ስቀመጥ ሌሎቹ ምን እንደሚሰማቸው አላውቅም፤ እኔ የሚሰማኝ የገዛ ሆዴ ጩኸት ነበር።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስምንት መቶው ሞላ። ሴቶቹ ሻንጣ ሊያዘጋጁ ቀደም ብለው ወጡና ቁልፉን ለእኔ ተዉልኝ። አንሶላው መደርደሪያው ላይ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ኃላፊው ይህን እንዴት ሊቆጥረው ነው ብዬ ተጨነቅሁ። ከበሩ በስተግራ ስምንት ባዶ ጋሪዎች ቆመው ነበር። በእያንዳንዳቸው መቶ መቶ ጫንኩባቸው፤ ቁጥር የጻፍኩበት ወረቀትም አንጠለጠልኩ። ላቤን ጠርጌ ስምንቱን ጋሪ ዞሬ አየሁና ትምህርቴ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመ አልኩ። በሩን ቆለፍኩ።

አርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘጠኙም ሻንጣቸውን አንጠልጥለው መጡ። የቀኑን ሥራ ጨርሰው ከዚያው ሊሄዱ ነበር። እትዬ በሩን ከፈተችና እዚያው ቆመች። ማንም አልገባም።

«እነዚህን ማነው በግራ ያደረጋቸው?»

«እኔ ነኝ። ለቆጠራ እንዲመች ብዬ…»

ካውያ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

በዚያ ክፍል ግራና ቀኝ ቀልድ አይደለም። በግራ ያለው ሁሉ ከታማሚ የመጣ ነው፤ በቀኝ ያለው ወደ ታማሚ የሚሄድ። በግራ የሚቆም ጋሪ የቁስልና የደም አንሶላ ሲሸከም የኖረ ነው። ግራውን የነካ ነገር ታጥፎም ይሁን ተተኩሶ ተመልሶ ይታጠባል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ይህን ሦስት ሳምንት ሙሉ በዓይኔ እያየሁ ከርሜያለሁ። አይቼው ነበር እንጂ አላወቅሁትም።

«እትዬ፣ ንጹህ ናቸው። በእጃችሁ ያጠፋችኋቸው አይደሉም? ቢበዛ ከሥር ያሉትን ብቻ…»

«የጋሪው ሆድ ትናንት ምን እንደነካው ታውቂያለሽ?»

«ማንም አያውቅም። ማንም ደግሞ አያይም።»

«እኔ አየሁ» አለች። ሻንጣዋን መደርደሪያው ሥር ገፋችው። «ዛሬ የሚወለድ ሕፃን ይተኛበታል። አስገቡ።»

ሃያ አንድ ቀን የለፉበትን ነገር፣ የአንድ ዓመት ጆሮ የቀራት ሴት፣ በአንድ ቃል ወደ ማሽን መለሰችው። ስምንቱ ሴቶች ሻንጣቸውን አስቀምጠው ጋሪዎቹን ገፉ። ማሽኖቹ ተነሱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ካውያ ግን በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸችብኝ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ምን ትገተሪያለሽ? ነይ ልቀሚ!»

ለቀምኩ። እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ስምንት መቶው ታጥቦ አለቀ። ችግሩ ማድረቂያ ነበር፤ ሁለቱ ማድረቂያዎች እስከ ስድስት ሰዓት ግማሹን እንኳ አይጨርሱም። ፀሐይዋ ግን ወጥታለች። እትዬ ከመጋዘን ገመድ አስወጣች። ከትልቁ ዛፍ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ አምቡላንስ መጠለያው፣ ከመጠለያው ወደ ኋላ ደረጃው ገመድ በአልኮል እየወለወልን ዘረጋን። ጓሮው ነጭ ሆነ። ታማሚዎች በየመስኮቱ ብቅ አሉ።

«በዚህ በኩል ነፋስ አለ፣ እዚህ ስቀሉት!» አለ አንድ እግሩ በጀሶ የታሰረ ሽማግሌ ከፎቅ ላይ።

«አባባ፣ ወርደው አይዙልንም?» አለች ሬዲዮ።

«እግሬ እሺ ቢለኝ አንቺን ነበር የምይዘው!»

ከደረቀው እየተነሳ ወደ ካውያ ማሽኑ ይወርዳል፤ ከማሽኑ ሲወጣ ሁለት ሁለት ሆነው ያጥፉታል። ከጓሮ እስከ ምድር ቤቱ መስኮት በእጅ ይጠራራሉ፦ ይህን ያህል ላኩ፣ ቆዩ፣ ይሄ እርጥብ ነው፣ ደመና መጣ። እኔ በሁለት እጄ ተሸክሜ እመላለሳለሁ። አምስት ሰዓት ላይ ደመናው መጣ፤ ሳይዘንብ ግን ፀሐይዋን ግማሽ ሰዓት ሸፈናት።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ኃላፊው ወረደ። ደብዳቤው በእጁ ነበር። በቀኝ በኩል ያለውን መደርደሪያ አንድ በአንድ ቆጠረ። ማሽኑ ቆሟል፤ ካውያው ብቻ ይተነፍሳል።

«ሰባት መቶ አርባ ሁለት» አለ። «ሃምሳ ስምንት ይጎድላል።»

«ገመድ ላይ ናቸው» አለች ሬዲዮ። «እርጥበታቸው ትንሽ ነው፣ ሁለት ሰዓት ቢሰጡን…»

«የሚወስዳችሁ የሆስፒታሉ ሰርቪስ ስድስት ተኩል ይነሳል። አድርሷችሁ ለማታ ፈረቃ መመለስ አለበት። እትዬ፣ እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ቃል ቃል ነው።»

«ልክ ነህ» አለች እትዬ።  በርጩማው ላይ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እኔ እቀራለሁ» አለች ካውያ። «ሃምሳ ስምንት ለእኔ ምኔ ነው?»

«እኔ ልቅር፤ ልጄንም ጥዬ መሄዱ ከብዶኝ ነበር» አለች ሌላዋ።

«አንዷ ከቀረች እኔም የለሁበትም» አለች እትዬ። «ሻንጣችሁን አንሱና ወደየቤታችሁ ግቡ።»

ማንም ሻንጣ አላነሳም። ኃላፊው ክራቫቱን ነካካ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ነገር ቀድሜ ያሰብኩት አልነበረም።

«ከዘጠኙ አንዷ አትቀርም» አልኩ። «እኔ ከዘጠኙ ውስጥ የለሁበትም። የምቀረው እኔ ነኝ።»

«አንቺ ሠራተኛ አይደለሽም» አለኝ ኃላፊው።

«ለማጠብ አይደለም። ሃምሳ ስምንቱን ተኩሼ፣ አጥፌ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለእርስዎ አስረክባለሁ። ደብዳቤው ላይ ይጻፉት፤ እፈርማለሁ። አንድ ቢጎድል ሰኞ ጠዋት እነሱን ሳይሆን እኔን ይጠይቁኝ።»

«ስንት አንሶላ ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ምንም» አልኩት። እውነቱ ይኸው ነበር።

ካውያ ክንዴን ያዘችና ወደ ማሽኗ ጎተተችኝ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስተማረችኝ። ጫፉን እንዲህ ያዥ፣ አትጎትቺ፣ ራሱ ይወስደዋል፣ ጣትሽን ከዚህች መስመር አታሳልፊ፣ ማጠቢያዎቹን እንዳትነኪ። ሦስቱን አብረን ተኮስን፤ አራተኛውን ለብቻዬ። ኃላፊው አራተኛውን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። አንድ ጥግ ላይ ታጥፎ ነበር።

«ያልቃል?» አለኝ።

«ያልቃል።»

ብዕሩን አወጣ።

እትዬ ከበርጩማው ስትነሳ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። «አንቺም መምጣት ነበረብሽ እኮ። ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ።»

«ሂጂ፣ ሰርቪሱ ያመልጥሻል። ፕሮግራሙ ሬዲዮ ጋ አለ። ሁለቱን ገጽ ጣሉት፤ እንደ ዛፉ ሥር ግማሽ ሰዓታችሁ የሚረባ ነገር የለውም።»

«አንጥለውም» አለች ካውያ ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ እየጣለች። «እሳት እናቀጣጥልበታለን።»

ወጡ። በዚያች ትንሽ መስኮት የሰርቪሱን ጎማ ብቻ አየሁ። ከዚያ አንሶላዎቹን ከገመድ ላይ አወረድኩ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሁለት ሁለት ጊዜ ተኮስኳቸው። ሃያኛው ላይ ጣቴን አቃጠልኩ። ሠላሳ ስደርስ አጠፋፉ ገባኝ፤ ለብቻ ሲሆን አገጭ ሦስተኛ እጅ መሆን አለበት። መሄዱ ቀርቶብኝ ልከፋ ወይስ ከጸሎት ስላመለጥኩ ደስ ይበለኝ አላወቅሁም። ስለሁለቱም ትንሽ አሰብኩና አንሶላዬን ቀጠልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ኃላፊው መጥቶ ቆጠረ። ስምንት መቶ። ፈርሞ ሄደ።

እሑድ ማታ እትዬ ቤት ስትገባ ጫማዋ ጭቃ ነበር። ሰላም አለችኝና ራት እንኳ ሳትቀምስ ተኛች። ያልጠየቅኋት ስለፈራሁ ነው። ያ ሁሉ ልፋት ሆኖ ምንም አልሰማሁም ብትለኝስ?

ሰኞ ጠዋት አብሬያት ወረድኩ። ሌሎቹ ሽርጣቸውን እያሰሩ ነው። ማሽኖቹ ገና አልተነሱም። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ደህናውን ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች።

«ጠይቂኝ እንጂ። ምን ያስፈራሻል?»

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐይቁ ዳር። መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«አስቀያሚ ነው» አለች። «የዛገ በር ነው የሚመስለው። በልቤ መልካም ድምፅ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ደንግጬ ዝም አልኩ፤ እነዚህ ግን አጠገቤ የየራሳቸውን ይላሉ፤ የማንኛቸውም አያምርም። ካውያማ እንደ ፍየል ነው።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ካውያ ከማዶ።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ቀጠልኩ። ይህን ድምፅ ሃያ ስድስት ዓመት የታገሠ አምላክ ሁለት ቀን ይጨምርልኛል ብዬ እስኪበቃኝ ጸለይኩ። እሑድ ስነሳ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር።» እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ሽርጧን አስተካክላ ተነሳችና በሩ ላይ ወዳለው ማብሪያ ሄደች። እጇን ማብሪያው ላይ አድርጋ ግን ዞረች። «የወጥ ቤቱ ሴቶች ሰምተው እኛም መሄድ አለብን ብለዋል። አሥራ አንድ ናቸው። ለእነሱም አንቺ ታዘጋጂያለሽ ብያቸዋለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ራሴ መጸለይ እንኳ…»

«ማን ጸልዪ አለሽ?» አለችኝ። «አዘጋጂ ነው ያልኩሽ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ፣ ቁርሱ ሳይነሳ ልድረስባቸው ብዬ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጥኩ ወደ ወጥ ቤት ወጣሁ።